ለተጎዳ ጅማት ሁለት ፔፕታይድ አጣምሬ ተወግቼ ያየሁት

ይህን የምጽፈው ጅማቱ ተጎድቶ ቤት ለዋለ፣ «ሁለቱን አንድ ላይ ከተወጋህ ባጭር ጊዜ ትነሳለህ» ለተባለና ገንዘቡን ቆጥሮ ሊሰጥ ለተቃረበ ሰው ነው። እኔ ቢፒሲ-157 እና ቲቢ-500 የሚባሉትን፣ ጉዳት ይጠግናሉ ተብለው የሚሸጡ ፔፕታይዶች አጣምሬ ተወግቻለሁ። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን፣ በስተመጨረሻም እግሬን ያቆመልኝን ነገር አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዲያልፍ አልፈልግም።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቀኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል። እሁድ እሁድ ደግሞ ፀሐይዋ ሳትበረታ ሳቢያን ከጤና ቡድናችን ጋር ኳስ እጫወት ነበር። ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል። ሕመሙ የጀመረኝ ቀስ ብሎ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ግትር ይልብኛል፤ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስል ይለቀኛል። ሜዳ ላይም እንደዚያው፤ ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ማታ ይመለሳል። ሲሞቅ የሚለቅ ሕመም ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም። ጅማቱ ከአቅሙ በላይ እየተሠራበት መሆኑን የሚናገረው በዚህ መንገድ ነው፤ ያኔ ጫናውን ቀንሶ ባትን ማጠንከር ቢጀመር ብዙ ጣጣ ይቀራል። እኔ ግን ዲክሎፍናክ እየተወጋሁ ቀጠልኩ። ማስታገሻ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጅማቱን አያጠነክርም፤ ሕመሙ ሲጠፋ ደግሞ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ምክንያት ያጣል።

በዚያው ሰሞን ሆዴን አሞኝ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ወስጄ ነበር። እኛ አገር ሲፕሮ ማለት ለሆድም ለሽንት ቧንቧም ሁሉም ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ነው። ከጅማት መቆጣትና መበጠስ ጋር ግንኙነት እንዳለው፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2008 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት እንዳዘዘ የሰማሁት ከተጎዳሁ በኋላ ነው። አደጋው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይብሳል። የእኔን ጅማት የጎዳው ሲፕሮ ነው ብዬ አልደመድምም፤ አስቀድሞም የታመመ ጅማት ነበር። ነገር ግን ተረከዛችሁ አካባቢ ሕመም ካለ፣ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝላችሁ ሲል ለሐኪሙ ንገሩት። ሌላ መድኃኒት ሊያዝ የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው። «ዴክሳ ልውጋህ» የሚላችሁንም ሰው ተጠንቀቁ፤ ዴክሳ ስቴሮይድ ነው፤ ስቴሮይድ ተረከዝ ጅማት ላይ ሲወጋ ጅማቱን ሊያሳሳውና ለመበጠስ ሊያጋልጠው ይችላል።

አንድ እሁድ ጠዋት ኳስ ለመድረስ ስነሳ ከኋላዬ አንድ ሰው ተረከዜን በጫማ የመታኝ መሰለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ማንም የለም። ያከመኝ ሐኪም በኋላ እንደነገረኝ የተረከዝ ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ «ከኋላ ተመታሁ» ይላል።

ጓደኞቼ ደግፈው ቤት አስገቡኝ፤ ማታ ሰፈራችን የሚያከብራቸው ወጌሻ መጡ። እጃቸው ለብዙ ሰው የደረሰ ሰው ናቸው፤ ክፉ አልናገርም። «ጅማቱ ዞሯል» ብለው በቅቤ አሹት። የተቀደደ ጅማት ግን መታሸት የለበትም፤ ሲነጋ እግሬ ጫማ አልገባም አለ። እናንተ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥማችሁ ከመታሸት በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የተጎዳው ሰው በደረቱ ይተኛ፤ እግሩ ከአልጋው ጠርዝ ወጣ ብሎ ይንጠልጠል፤ ባቱን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ጅማቱ ካልተበጠሰ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተንቀሳቅሶ በጣቱ ጫፍ እንደሚቆም ሰው እግር ይዘረጋል። ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ሳይበጠስ አልቀረምና ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ቢንቀሳቀስም ታዩት ዘንድ ውሰዱት፤ ከፊሉ ሊቀደድ ይችላል። የእኔ እንደዚያ ነበር። አልትራሳውንዱ ከፊል መቀደድ አሳየ።

ተረከዜ ከፍ ብሎ እንዲቆይ በጀሶ አሰሩልኝ፤ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ጫማዬ ውስጥ ከተረከዙ ሥር የሚገባ ወፍራም ስፖንጅ ታዘዘልኝ። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ እንድጀምር፣ ሙሉ በሙሉ ለመዳን ወራት እንደሚፈጅ ተነገረኝ። «ወራት» የሚለውን ስሰማ ሰውነቴ ራደ። የተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ለእኛ ለልብስ ሰፊዎች የዓመቱ ዳቦ የሚጋገረው ነሐሴ ላይ ነው። ቤት ኪራይ አለ፣ ልጆች አሉ።

መርፌው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ያመጣልኝ ልጅ ጂም የሚሠራ፣ በጣም የምወደው የሰፈራችን ወጣት ነው። በቅን ልቦና ነው ያደረገው፤ እሱም ትከሻውን ተጎድቶ ይወጋው ነበር። «አቦ ጋሼ፣ አንዱ ቁስሉን ይዘጋል፣ አንዱ ደግሞ ከሌላ ቦታ ጠጋኝ ሕዋሶችን ይጠራል፤ ለየብቻ ሲሆኑ ግማሽ ናቸው» አለኝ። በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ነገር እንደሆነ ነገረኝ። ለስፌት መኪናዬ ሞተር ልገዛ ያጠራቀምኩትን ብር አውጥቼ ሰጠሁት።

ብልቃጦቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ ክዳን አለው። ከሥራቸው ጥቂት ነጭ ዱቄት ተጣብቋል። ላያቸው ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጄ ወደ መብራቱ አስጠግታ አነበበችልኝና «አባዬ፣ ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይደለም ነው የሚለው» አለችኝ። ለወጣቱ ስነግረው «ቀረጥ እንዳይጠይቋቸው ነው እንደዚያ የሚጽፉት» አለ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ያ ጽሑፍ እቃው እንደ መድኃኒት ተመርምሮ እንዳልወጣ ሻጩ ራሱ የሚናገርበት ነው፤ በውስጡ የተባለው ነገር መኖሩን፣ መጠኑ ልክ መሆኑን፣ ከጀርም ንጹሕ መሆኑን ማንም አላረጋገጠም። የፋብሪካ ስም አልነበረውም፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀንም አልነበረውም። እኔ ጨርቅ እንኳ ስገዛ ጠርዙ ላይ የታተመውን አይቼ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ለሚገባ ነገር ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግ አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ በውሃ ይሟሟል። ለዚህ የሚሆነው ውሃ ጀርም እንዳይራባበት 0.9 በመቶ ቤንዛይል አልኮል ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ ብልቃጥ በተለያየ ቀን ደጋግሞ ይቀዳል። እኛ ያገኘነው ተራውን የመርፌ ውሃ ነበር። የመርፌ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ግን የሚከላከልለት ነገር ስለሌለው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው፤ ተከፍቶ የቆየና በየቀኑ መርፌ የሚገባበት ብልቃጥ ውስጥ ጀርም እንደ ልቡ ይራባል። ከተሟሟ በኋላ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ብልቃጦቹ የተቀመጡት ጎረቤቴ ሱቅ፣ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ እነሱም ከለስላሳው ጋር አብረው ይሞቃሉ። ከዚያው ብልቃጥ ወጣቱና ጓደኞቹም ይቀዱ ነበር። ሁሉም አዲስ መርፌ ነው የሚጠቀሙት፣ በዚህ አልዋሽም። ነገር ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ የተጠቀመበትን መርፌ መልሶ ብልቃጡ ውስጥ ቢያስገባ የሄፓታይተስ ቢም ሆነ የኤችአይቪ ቫይረስ ለቀጣዩ ሰው መተላለፊያ ያገኛል። ብልቃጥ መጋራትም እንደ መርፌ መጋራት በሽታ ሊያስተላልፍ የሚችል አደጋ ነው።

ለውጥ አየህ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ሕመሙ ቀነሰልኝ። ይህን ስለምትሰሙ ነው ብዙዎቻችሁ የምትሳቡት። ግን በዚያው ጊዜ ምን ምን እየሆነ እንደነበር ተመልከቱ። እግሬ ከፔዳል አርፎ ነበር፣ ከኳስ አርፎ ነበር፣ ተረከዜ ከፍ ብሎ ጅማቱ ላልቶ ነበር፤ ደግሞም የተቀደደ ጅማት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ሕመሙ በራሱ እየበረደ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ መርፌው የቱን ሠራ? ከመርፌውስ ሰማያዊው ነው ቀዩ? ሁለት ነገር በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ይህን ማወቂያ መንገዱን በገዛ እጁ ይዘጋዋል። ሲሻለው ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም፤ ሲብስበት የትኛውን እንደሚያቆም አያውቅም።

ሕመሙ ሲቀንስ ጅማቱ የዳነ መሰለኝና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ የደንብ ልብሱ ሥራ እየጠበቀኝ ነበር። ሕመም መጥፋትና ጅማት መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተቀደደው ቦታ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ገና ሥርዓት ያልያዘ ደካማ ቃጫ ይሞላዋል፤ ያ ቃጫ በጫናው አቅጣጫ ተደርድሮ እስኪጠነክር ብዙ ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይወስዳል። በዚያ መሐል የሚሰማን ደህንነት የጅማቱን ጥንካሬ አይለካም።

ከዚያ መርፌው የሚወጋበት ቦታ ቀላ። አሳከከኝ፣ ቀጥሎ ሞቀ፣ ቀጥሎ አበጠ። ወጣቱ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» አለኝ። ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ፤ ድሬዳዋ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ብርድ ልብስ ፈለግሁ። ባለቤቴ ግንባሬን ነካችና ሌላ ቃል ሳትናገር ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ምን ተወግተው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌ ተያያዘ። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ሁለቱንም ብልቃጥ፣ የመርፌውን ውሃና መርፌዎቹን ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ እያለ ከማቀዝቀዣው አውጥታ ይዛ መምጣቷ ነው። ያ ፌስታል የሕክምናውን መንገድ ቀየረው። ሐኪሙ የሕመሙን መነሻ ሌላ ቦታ ከመፈለግ ይልቅ ወዲያው መርፌው ወዳረፈበት ቦታ ሄደ፤ መግል ቋጥሮ ነበር፣ ከፍተው አወጡት፣ አንቲባዮቲክ ጀመሩልኝ። ሲፕሮ እንዳይሰጠኝም ስለ ጅማቱ ተነጋገርን። ከሁለቱ የትኛው ብልቃጥ እንደበከለኝ ግን ሊነግረኝ አልቻለም። የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራም አዘዘልኝ፤ ከጊዜ በኋላ መደገም ነበረበትና እስኪደገም ድረስ የነበረውን ጭንቀት፣ የባለቤቴን ዝምታ ጨምሮ፣ ለጠላቴም አልመኝም። ነጻ ሆኜ ወጣሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አልትራሳውንዱ ሲደገም መቀደዱ ከበፊቱ ሰፍቶ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሐረር ፋርማሲስት ነው። ልጠይቅህ ብሎ ደንገጎን ወርዶ መጣና ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ እኔ የገባኝን ለእናንተ ላካፍል። ፔፕታይድ ማለት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ማለት ነው። የስኳር በሽተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን እንኳ ፔፕታይድ ነው። ልዩነቱ ኢንሱሊን በሰው ላይ ተፈትኖ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ተመዝግቦ የሚሸጥ መሆኑ ነው። ቢፒሲ-157 ደግሞ 15 አሚኖ አሲድ ያለው፣ በጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ከሚገኝ ፕሮቲን ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚሠራ ነገር ነው። ስለሱ የወጡት ጥናቶች አብዛኞቹ በክሮኤሺያ ዛግሬብ የተሠሩ፣ በአይጦች ላይ የተደረጉ ናቸው። የአይጦቹ ጅማት በተሻለ ሁኔታ እንደዳነ ይናገራሉ፤ በሰው ላይ የተሠራው ግን በጣም ጥቂትና ትንንሽ ነው። ቲቢ-500 በሰውነታችን የሚገኘውንና 43 አሚኖ አሲድ ያለውን ታይሞሲን ቤታ-4 የሚመስል ነው። ታይሞሲኑ ራሱ ለዓይንና ለቆዳ ቁስል በሰው ላይ ተሞክሯል፤ ለተቀደደ ጅማት የሚሆን ማስረጃ ግን ከዚያ አይገኝም። ሁለቱን አጣምሮ በሰው ጅማት ላይ በደንብ በተያዘ ሙከራ ያረጋገጠ የለም። «ለየብቻ ግማሽ ናቸው» የሚለው ንግግር የሻጭ ንግግር ነው።

የእህቴ ልጅ የነገረኝ ሌላ ነገር አለ፤ በቤተሰቡ ወይም በራሱ ላይ ካንሰር ያየ ሰው ልብ ይበል። እነዚህ ነገሮች የሚመሰገኑት አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያግዛሉ ተብሎ ነው። ዕጢም ለማደግ የሚፈልገው አዲስ የደም ሥር ነው። ካንሰር ያመጣሉ ተብሎ አልተረጋገጠም፤ አያመጡም ተብሎም አልተፈተነም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ቢፒሲ-157ን መድኃኒት ቀማሚ ፋርማሲዎች ሊጠቀሙባቸው አይገባም ካላቸውና የደህንነት ሥጋት አለባቸው ካላቸው ነገሮች ጋር መድቦት ነበር።

ለክለብ የምትጫወቱ፣ ለሩጫ የምትዘጋጁ ልጆች ይህን ለብቻው ስሙኝ። ቢፒሲ-157 እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ የተከለከለ ነው። ቲቢ-500ም ከነታይሞሲን ቤታ-4 የተከለከለ ነው፤ በውድድር ጊዜም ከውድድር ውጭም። «ለጉዳት ነው የወሰድኩት» ማለት አያድንም። አውስትራሊያ ውስጥ የኤሰንደን ክለብ የነበሩ 34 ተጫዋቾች በታይሞሲን ቤታ-4 ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለት ዓመት ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። ክለቡ የሰጣቸውን ነው የተወጉት። የሚወጋችሁ አሠልጣኝም ይሁን ጓደኛ፣ ተጠያቂው የደሙ ባለቤት ነው።

ወደ ፊዚዮቴራፒ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ እግሬን የመለሰችልኝ እዚያ ያገኘኋት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ወጣት ልጅ ናት። የመጀመሪያው ቀን እግሬን ከማየቷ በፊት «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ ነው የሚውሉት?» አለችኝ። ስለ ፔዳሉ ነገርኳት። በእጄ መዳፍ ጠረጴዛው ላይ እንቅስቃሴውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት፤ ዝም ብላ አየችና «ይህ ጅማት እኮ እሁድ ኳስ ሜዳ አይደለም የደከመው፤ ሳምንቱን ሙሉ ነው» አለችኝ። ለሞተር ያጠራቀምኩት ብር የት እንደሄደ ሳስብ ልቤ ተሰበረ። ሞተሩን ከማኅበራችን ተበድሬ ገዛሁ። አሁን ፔዳሉን በስሱ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ እሱንም በግራ እግሬ ለምጄዋለሁ። ጉዳታችሁ ከሥራችሁ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነው። ሐኪም ስለ ሥራችሁ ባይጠይቃችሁ እናንተ ንገሩት።

ልምምዱን በዝግታ አስጀመረችኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ተረከዜን አንስቼ ማቆየት፤ ከዚያ ቆሜ ግድግዳ ይዤ በሁለት እግር ማንሳት፤ ከዚያ በሁለት ተነስቼ በተጎዳው ብቻ ቀስ ብሎ መውረድ። መሠረቱ ሐካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቀው ነው፤ የደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማውረድ፣ አንዴ ጉልበትን ዘርግቶ፣ አንዴ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ እያንዳንዱን 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ12 ሳምንት። ይህ የተሠራው ለሰነበተ የጅማት ሕመም ነው እንጂ ትናንት ለተቀደደ ጅማት አይደለም፤ የእኔን ወደዚያ ያደረሰችኝ ቁስሉ ከደረቀና በሁለት እግር ማንሳቱ ካልከበደኝ በኋላ ነው። ሳትታዩ ከጠርዝ ላይ አትጀምሩ። ሲቀለኝ ጀርባዬ ላይ ክብደት እንድጨምር ነገረችኝ፤ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ በጣቃ ጨርቅ ሞልቼ ተሸከምኩ።

ሕመምን በተመለከተ ያስተማረችኝ መለኪያ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ከዜሮ እስከ አሥር ብትሰጡት፣ ልምምድ ላይ እስከ አምስት ያለ ሕመም ችግር የለውም፣ ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት መመለስ አለበት። ጠዋት ስትነሱ ግትርነቱ ከትናንቱ ከባሰ ትናንት አብዝታችኋል ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ እንጂ አታቁሙ። እኔ ከዚህ በፊት ሲያመኝ አቆማለሁ፣ ሲለቀኝ እሮጣለሁ፤ ጅማት የሚጠላው ይህንኑ ነው። በመጠኑ እየተጫነ ነው የሚጠነክረው፣ እንደ ተጎነጎነ ገመድ፣ ሲወጠር ነው ክሩ ቦታ ቦታውን የሚይዘው።

ስለ ጫት ማንሳት አለብኝ፤ ከተማችን ናትና። እኔም በርጫ እቀመጥ ነበር። እግርን አጣጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ ለደረቀ ባት አይመችም፤ እሱ ግን ትንሹ ነው። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል። የተጎዳ አካል የሚጠገነው በእንቅልፍና በምግብ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ አላቆመችኝም፣ አልገሰጸችኝም፤ «ማታ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ራት ይበላሉ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መልሱን ራሴ ሰማሁት። እንቁላልም፣ ምስርም፣ ሲገኝ የግመል ወተትም፣ ዋናው ነገር ማታ ሳልበላ አለማደር ሆነ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ደግሞ ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ያዘገያል።

አሁን እሁድ እሁድ ወደ ሜዳ ተመልሻለሁ። ከመመለሴ በፊት የተጎዳው እግሬ ብቻውን ቆሞ ተረከዝ ማንሳት ከጤነኛው እኩል እስኪሆን፣ ከዚያም በአንድ እግር መዝለል ሳይፈራ እስኪችል ጠበቅሁ። ቀኑን የወሰነው እግሬ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህን የምታነቡት ብልቃጡን ከገዛችሁ ወይም ከጀመራችሁ በኋላ ይሆናል። አቁሙ፣ ግን አትጣሉት፤ ብልቃጡን ከነጽሑፉ አስቀምጡና መቼ መቼ፣ የት ቦታ እንደተወጋችሁ ጽፋችሁ ያዙ። የተወጋችሁበት ቦታ ቀልቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሞቀ፣ ካንቀጠቀጣችሁ ሌሊት አታሳድሩት። እግራችሁ በጀሶ ወይም በእረፍት ላይ ቆይቶ ባታችሁ በአንድ ወገን ካበጠና ካመማችሁ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ወዲያው ሂዱ፤ ይህ ከመርፌው ጋር ባይያያዝም እግሩን የተጎዳ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ለሐኪሙ የተወጋችሁትን በሙሉ አሳዩት፣ ብልቃጥ ከተጋራችሁም ንገሩትና ተመርመሩ፤ አብረዋችሁ የተወጉትም እንዲመረመሩ ንገሯቸው። የተጠቀማችሁባቸውን መርፌዎች ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉ፤ ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከታችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ ጤና ጣቢያ ስጡ።